በከርሰ ምድር ያለው ግፊት በድንጋይ ከሰል፣ በነዳጅና በተፈጥሮ ጋዝ አፈጣጠር ላይ ያለው ድርሻ

በአንድ አካባቢ ጥቁር ንብርብር አለት ሲገኝ ወይም የድንጋይ ከሰል ምርመራ ሲታሰብ በተደጋጋሚ የሚሰማ ግምት አለ። ይኸውም አለቱ በጥልቀት ከተቀበረና ከባድ ተራራ ከተጫነው፣ ጫናው ብቻውን ጥራት ያለው ከሰል ወይም ነዳጅ ያደርገዋል የሚል ነው። ግምቱ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም በእርሱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሚወሰን ውሳኔ የአመልካቹን ገንዘብና ጊዜ ለኪሳራ ሊዳርግ ይችላል። በአለት ውስጥ የሚገኝን ኦርጋኒክ ቁስ የሚያበስለው በዋናነት ሙቀት ነው፤ የግፊት ሚና ግን ከዚህ የተለየና አንዳንዴም ተቃራኒ ነው። የዚህ ማብራሪያ ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳትና ልዩነቱ ለፈቃድ አመልካቾች፣ ለባለሀብቶችና ለአካባቢ ነዋሪዎች ያለውን ትርጉም ማሳየት ነው።

የኦርጋኒክ ቁስ ብስለት ምንድን ነው?

የድንጋይ ከሰል፣ ድፍድፍ ነዳጅና አብዛኛው የተፈጥሮ ጋዝ መነሻቸው በአንድ ወቅት ሕይወት የነበራቸው ነገሮች ናቸው። በረግረጋማ ስፍራ የወደቀ ዛፍና ቅጠል፣ እንዲሁም በሐይቅና በባሕር ወለል ላይ የረጋ አልጌና ሌላ ደቃቅ ፍጥረት፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ሁኔታ በጭቃና በአሸዋ ሲሸፈን ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ይቀራል። በላዩ ላይ ደለል እየተደራረበ ሲሄድ ጭቃው ወደ አለትነት ይለወጣል። በውስጡ የቀረው ኦርጋኒክ ቁስም አብዛኛው ኬሮጅን ወደሚባል ጠጣር ነገር ይቀየራል።

ኬሮጅን ለረጅም ዘመን ሲሞቅ በውስጡ ያሉት ትልልቅ ሞለኪውሎች እየተሰበሩ ወደ ትንንሽ ሞለኪውሎች ይለወጣሉ። ይህ ለውጥ የሙቀት ብስለት ተብሎ ይጠራል። በአብዛኛው ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ድፍድፍ ነዳጅ ይመነጫል። ሙቀቱ ከዚህ ሲያልፍ የጋዙ ድርሻ እየበዛ ይሄዳል፤ ወደ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ደግሞ አለቱ ጋዝ የማመንጨት አቅሙ እየተሟጠጠ ይመጣል። የዛፍና የቅጠል ክምችት በሚሆንበት ጊዜ ለውጡ በደረጃ የሚታይ ነው። መጀመሪያ በውኃ የራሰ ጥቁር ፒት ይሆናል፤ ቀጥሎ ሊግናይት፣ ከዚያ ሰብ-ቢቱሚነስ፣ ቢቱሚነስና በመጨረሻም አንትራሳይት ይሆናል።

ጊዜም የራሱ ድርሻ አለው። በመጠኑ ዝቅ ባለ ሙቀት ረጅም ዘመን የቆየ አለት፣ በከፍተኛ ሙቀት አጭር ጊዜ ከቆየ አለት ጋር ተቀራራቢ ብስለት ላይ ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ በቂ ሙቀት ያላገኘ አለት ምንም ያህል ዕድሜ ቢኖረው ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

ግፊትና ሙቀት ለምን ይምታታሉ?

ሁለቱ የሚምታቱት ወደ ከርሰ ምድር በተጠለቀ ቁጥር አብረው ስለሚጨምሩ ነው። በአብዛኞቹ ደለል የተከማቸባቸው ተፋሰሶች በየአንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። በዚያው አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ በአለት ቀዳዳዎች ያለው ውኃ ግፊት በ100 ባር ያህል፣ በላይ የተጫነው የአለት ክብደት የሚያሳድረው ግፊት ደግሞ በ230 ባር ያህል ከፍ ይላል።

ካርል ሂልት የተባለው ጀርመናዊ የማዕድን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1873 ከከሰል ማውጫ ጉድጓዶች ባገኘው መረጃ፣ ጥልቀት በጨመረ ቁጥር ከሰሉ ሲሞቅ የሚተነው ንጥረ ነገር እየቀነሰ፣ ደረጃውም ከፍ እያለ እንደሚሄድ አመለከተ። ይህ ግኝት እስከ ዛሬ የሂልት ሕግ በመባል ይታወቃል። ሕጉ የሚናገረው ግን ስለ ጥልቀት ነው፤ ለውጡን ያመጣው ሙቀቱ ይሁን ግፊቱ በራሱ አይለይም። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ አንትራሳይት የሚገኘው አለቶቹ በጎን ግፊት በታጠፉበት አካባቢ በመሆኑ፣ ዴቪድ ዋይት እ.ኤ.አ. በ1915 ባቀረበው ሐሳብ ከሰሉን ያበሰለው ተራሮቹን ያጠፈው ግፊት ነው የሚል ማብራሪያ ሰጥቶ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ለተወሰነ ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ ቆይቷል።

አስተሳሰቡን ያስለወጠው ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ማስረጃ ነው። ቅልጥ አለት ወደ ከሰል ንብርብር ሰርጎ በገባባቸው ስፍራዎች፣ ከቅልጥ አለቱ ጎን ያለው ከሰል ወደ አንትራሳይት ወይም ወደ ተፈጥሯዊ ኮክ ተለውጦ ይገኛል። ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ ያለው የዚያው ንብርብር ከሰል ግን ቀድሞ በነበረበት ደረጃ ላይ ይቆያል። ሁለቱም የተሸከሙት የአለት ክብደት አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሙቀቱ ብቻ ነው።

ይህን በቤት ውስጥ ካለ ነገር ጋር አያይዞ መረዳት ይቻላል። እሳት በሌለበት ምድጃ ላይ ባቄላ ተጥዶ በክዳኑ ላይ ድንጋይ ቢጫንበት ባቄላው አይበስልም። ፕሬሸር ኩከር ምግብን ፈጥኖ የሚያበስለው ግፊቱ ራሱ ስለሚያበስል አይደለም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ የታመቀው እንፋሎት የመፍያውን መጠን ከ100 ዲግሪ በላይ ከፍ ስለሚያደርገው ምግቡ የበለጠ ሙቀት ያገኛል። በከርሰ ምድር ግን የአለቱን ሙቀት የሚወስነው ከምድር ውስጥ የሚመጣው ሙቀትና አለቶቹ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅማቸው ነው። በአለቱ ላይ የተጫነው ክብደት የእሳቱን ቦታ ሊተካ አይችልም።

የአሉቶ ማሳያ

እኩል ጥልቀት እኩል ብስለት ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ግልጽ ምሳሌ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ይገኛል። በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል መስክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ከ2,000 እስከ 2,500 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ተለክቷል። ቅልጥ አለት በቅርብ በማይገኝበት መደበኛ ተፋሰስ በተመሳሳይ ጥልቀት የሚጠበቀው ሙቀት ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው።

በሁለቱ ስፍራዎች በላይ የተጫነው የአለት ክብደት ተቀራራቢ ነው። ሆኖም አንድ ዓይነት ኦርጋኒክ ቁስ በሁለቱም ቢኖር፣ በመደበኛው ተፋሰስ ነዳጅ በማመንጨት ላይ ሊሆን ሲችል፣ እንደ አሉቶ ባለ ሙቀት ውስጥ ነዳጅ የማመንጨቱን ደረጃ ፈጽሞ አልፎ የሄደ ይሆናል። ስለዚህ የጉድጓድ ጥልቀት ብቻውን ስለ ነዳጅ መኖር ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ግፊት በትክክል የሚሠራቸው ሥራዎች

ግፊት አያበስልም ማለት ሥራ የለውም ማለት አይደለም። በከርሰ ምድር ውስጥ የሚከተሉት ዋና ዋና ድርሻዎች አሉት።

የመጀመሪያው ውኃን መጭመቅ ነው። ፒት ከመጠኑ አብዛኛው ውኃ ነው። በላዩ የሚከማቸው ደለል ክብደት ውኃውን ጨምቆ ያስወጣል፤ ቀዳዳዎቹን ያጠብባል፤ ንብርብሩንም ያሳሳዋል። ከፒት ወደ ሊግናይት፣ ከሊግናይትም ወደ ሰብ-ቢቱሚነስ በሚደረገው ጉዞ የእርጥበቱ መቀነስ በአብዛኛው የዚህ ጭመቃ ውጤት ነው። የከሰሉን ኬሚካዊ ማንነት የሚለውጠውና ወደ ቢቱሚነስና ወደ አንትራሳይት የሚያደርሰው ግን ሙቀት ነው። ስለ ጫና የሚነገረው ግምት ከፊል እውነት የሚሆነው በዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ነው።

ሁለተኛው በተዘዋዋሪ ሙቀትን መቆጣጠር ነው። የታመቀና ውኃው የወጣለት አለት ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ያስተላልፋል። ውኃ በቀዳዳዎቹ ታምቆ የቀረበት የጭቃ አለት ግን ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከሥሩ ያለውን አለት ሊያሞቀው ይችላል።

ሦስተኛው ብስለትን ማዘግየት ነው። ኬሮጅን ሲሰበር ከጠጣር ነገር ፈሳሽና ጋዝ ይወጣል፤ እነዚህም ቀድሞ ከተያዘው የበለጠ ቦታ ይፈልጋሉ። በአለቱ ቀዳዳዎች ያለው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ከመደበኛው እጅግ ከፍ ካለ፣ አዲስ የሚፈጠረው ፈሳሽና ጋዝ ቦታ ለማግኘት ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ለውጡ ሊዘገይ ይችላል። በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የውኃ ግፊትን እስከ 900 ባር በማድረስ በተካሄዱ ሙከራዎች፣ ከፍተኛ ግፊት የጋዝ መመንጨትንና የብስለት መለኪያዎችን ዕድገት እንደሚያዘገይ ታይቷል። በደቡብ ቻይና ባሕር በሚገኘው የዪንግገሃይ ተፋሰስና በሰሜን ባሕር ማዕከላዊ ክፍልም ከመጠን ያለፈ የፈሳሽ ግፊት ባለባቸው ንብርብሮች፣ ከሙቀቱ አንጻር ከሚጠበቀው ያነሰ ብስለት መታየቱ ተዘግቧል። በሌላ በኩል በታሸጉ ዕቃዎች ውስጥ የተደረጉ አንዳንድ ሙከራዎች የግፊት ተጽዕኖ አነስተኛ መሆኑን አመልክተዋል። በመሆኑም የማዘግየቱ መጠን እንደ ኦርጋኒክ ቁሱ ዓይነት፣ እንደ ውኃው መኖርና እንደ ብስለቱ ደረጃ የሚለያይ ሲሆን፣ በባለሙያዎች ዘንድ አሁንም ክርክር የሚደረግበት ጉዳይ ነው። ግፊት ሙቀትን ተክቶ ያበስላል የሚለው አስተሳሰብ ግን በሁለቱም ወገን ድጋፍ የለውም።

አራተኛው ነዳጅን ከመነሻ አለቱ ማስወጣት ነው። አመንጪው አለት ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የተፈጠረው ነዳጅ በቀላሉ አይወጣም። ከላይ የሚመጣው ጫናና በውስጡ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ግፊት ተደምረው ጥቃቅን ስንጥቆችን ይከፍታሉ፤ ነዳጁና ጋዙም በዚያ በኩል ወደ አሸዋማ ወይም ወደ ኖራማ አቃፊ አለት ይሰደዳሉ። ማሞቅ የሙቀት፣ ገፍቶ ማውጣት የግፊት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ የከሰልና የጋዝ ክምችቶች ላይ የሚታየው

በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል የሚገኙት የድንጋይ ከሰል ክምችቶች፣ ከእነዚህም መካከል በያዩ፣ በደልቢና ሞዬ፣ በጭልጋ፣ በውጫሌና በሙሽ ሸለቆ ያሉት፣ በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል በተፈጠሩ ጥንታዊ ሐይቆችና ረግረጎች ውስጥ የተከማቹ ናቸው። ሰፊውን ደጋ የሸፈነው ባዛልት በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ የጭልጋ ቅሪተ አካል የያዙ ደለሎች ዕድሜ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። እነዚህ ክምችቶች በምድር ታሪክ ሚዛን ወጣት የሚባሉ ከመሆናቸውም በላይ እጅግ ጥልቅ ወደሆነና ሞቃት ስፍራ አልወረዱም። ከዚህ የተነሣ ደረጃቸው በአብዛኛው ከሊግናይት እስከ ሰብ-ቢቱሚነስ ባለው ውስጥ ይገኛል።

በአንዳንዶቹ ስፍራዎች ከሰሉን የሸፈነው የባዛልት ክምር ከባድ ነው። ይሁንና ክብደቱ ውኃውን ከመጭመቅ አልፎ ከሰሉን ወደ አንትራሳይት አያደርሰውም። ቅልጥ አለት ሰርጎ በገባበት ስፍራ ከፍ ያለ ብስለት ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ተጽዕኖ ብዙውን ጊዜ ሰርጎ ከገባው አለት ውፍረት ጋር የተመጣጠነ አጭር ርቀት ላይ የሚቆም ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከአንድ ነጥብ ብቻ የተወሰደ ናሙና መላውን ክምችት አይወክልም።

በሶማሌ ክልል የሚገኘው የኦጋዴን ተፋሰስ የተለየ ታሪክ አለው። በዚያ የተከማቹት ደለል አለቶች በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ውፍረት ያላቸውና እጅግ የቆዩ ናቸው። በካሉብ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በሂላላ ደግሞ በ1974 የተፈጥሮ ጋዝ ተገኝቷል። ጋዙን እንዳመነጨ በሰፊው የሚታመነው ቦክ ሼል የተባለው አለት ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተከማቸ ነው። በጥልቀት ተቀብሮ ለረጅም ዘመን ሙቀት በማግኘቱ የብስለት ደረጃው ከደጋው ከሰል ፈጽሞ የራቀ ነው። ደጋውና ኦጋዴን የሚለያዩት ስለዚህ በተጫናቸው ክብደት ብቻ ሳይሆን ባገኙት ሙቀትና ሙቀቱ በቆየበት ዘመን ነው።

ለአመልካቾችና ለአካባቢ ነዋሪዎች ጠቃሚ ነጥቦች

ከላይ የተገለጸው ሳይንሳዊ እውነታ በተግባር የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ይጠይቃል።

1. የአለት ጥቁረት፣ ጥንካሬ ወይም ጥልቀት የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። የከሰል ደረጃ የሚታወቀው በቤተ ሙከራ በሚለካ እርጥበት፣ አመድ፣ ተናኝ ንጥረ ነገር፣ ቋሚ ካርበን፣ ሰልፈርና የሙቀት ኃይል ነው። አመዱ የበዛ ከሰል ብስለቱ ጥሩ ቢሆንም ለፋብሪካ የሚሰጠው ጥቅም ሊያንስ ይችላል።

2. የብስለት ደረጃ በቀጥታ የሚለካበት መንገድ አለ። ከእንጨት ቅሪት የሚገኘው ቪትሪናይት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ከብስለቱ ጋር ይጨምራል። ንጸባረቁ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ሲደርስ ነዳጅ መመንጨት ይጀምራል፤ ወደ 1.3 በመቶ ሲደርስ የነዳጅ ደረጃ ያበቃል፤ ከ2 በመቶ በላይ ሲሆን የሚጠበቀው ደረቅ ጋዝ ነው። ጥልቅ ተፋሰስን በሚመለከት ጥናት ውስጥ የሙቀት ስሌት ከዚህ ልኬትና ከፈሳሽ ግፊት መረጃ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። ከመጠን ያለፈ ግፊት ያዘገየው ብስለት በስሌቱ ካልተካተተ ጋዝ ይገኝበታል የተባለ ጉድጓድ ድፍድፍ ነዳጅ ሊያሳይ ወይም ውጤቱ ከታሰበው የራቀ ሊሆን ይችላል።

3. ሲቃጠል ነዳጅ የሚሸት አለት ከሥሩ ነዳጅ አለ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው አለት ኦይል ሼል ሊሆን ይችላል። ኦይል ሼል በውስጡ ያለው ኬሮጅን በተፈጥሮ ያልበሰለ በመሆኑ ነዳጁን ለማግኘት ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በፋብሪካ ማሞቅን ይጠይቃል። በደልቢና ሞዬ አካባቢ ከሰሉ ከኦይል ሼል ጋር ተያይዞ ይገኛል።

4. ከረግረግ ወይም ከውኃ ጉድጓድ የሚወጣ አረፋ ሁልጊዜ የጥልቅ ጋዝ ምልክት አይደለም። ባክቴሪያዎች ያለ ከፍተኛ ሙቀት ሚቴን ያመነጫሉ። የጋዙ ምንጭ የሚለየው በቤተ ሙከራ ትንተና ነው። ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነ በስፍራው እሳት መለኮስ ለሕይወት አደገኛ ነው።

5. የናሙና አወሳሰድ ውጤቱን ይወስናል። ለአየርና ለዝናብ ተጋልጦ የቆየ ከሰል ስለሚበላሽ የሙቀት ኃይሉ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይታያል። ናሙናው ካልተበላሸው የንብርብር ክፍል ተወስዶ እርጥበቱ እንዳያመልጥ መታሸግ፣ የተወሰደበት ቦታና ጥልቀት ተመዝግቦ መያያዝ አለበት። ባዛልት ሰርጎ በገባበት ስፍራ ከተለያየ ርቀት በርከት ያሉ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ።

6. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው። በመሆኑም በይዞታው ላይ ከሰል ወይም የነዳጅ ምልክት ያገኘ ሰው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በሥራ ላይ ባሉት የማዕድንና የነዳጅ ሥራዎች አዋጆች መሠረት ሥልጣን ላለው አካል ማመልከት ይጠበቅበታል።

በማጠቃለል፣ ግፊት ውኃን ይጨምቃል፣ ነዳጅን ገፍቶ ያስወጣል፣ አንዳንዴም ብስለትን ያዘገያል፤ ኦርጋኒክ ቁስን ወደ ከሰል፣ ወደ ነዳጅና ወደ ጋዝ የሚለውጠው ግን ሙቀትና ጊዜ ነው። አንድ ስፍራ ተራራ ተጭኖታል ወይም ጥልቅ ነው በሚል ብቻ የሚቀርብ የሽያጭ ወይም የሽርክና ጥያቄ ሲያጋጥም፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የተለካ የናሙና ውጤት እንዲቀርብ መጠየቅ የእያንዳንዱ ባለሀብትና የአካባቢ ነዋሪ መብት ነው።